ዳልቻው በሬ የመሰከረው

ባለፈው ቅዳሜ በአራዳ በኩል ሳልፍ አንድ ገበሬ መንገድ የዘጋ በሬውን በስሙ ጠራው፤ በሬው ያን ሁሉ ክላክስ ትቶ ወደ ድምፁ ዞረ። እኔም ጥግ ይዤ ቆምሁና በዚያ አውድማ የነበርነውን አንድ በአንድ አሰብሁ፦ መቶ አለቃው፣ ሁለት ወታደሮቹ፣ ሽማግሌው አያ ደረሶ፣ ጎረቤታችን ካሴ፣ እናቴ ዓለምነሽ፣ ታላቅ ወንድሜ ተገኘ፣ እኔ።

ወገራ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ታኅሣሥ፣ ገብስ ሲወቃ። ወታደሮቹ ሽፍታ ፍለጋ መጡ። ግን በምን ይለዩ? በአገራችን ጠመንጃ የሌለው ወንድ አልነበረም። ትከሻችንን ገልጠው የማንገቻ ሰንበር ፈለጉ፤ ሁላችንም ላይ አገኙ።

«አንቱስ የት ነው የሸፈቱት?» አለ መቶ አለቃው አያ ደረሶን።

«ከሚስቴ ነው የሸፈትሁት፣ ጌታዬ። እስካሁን አልያዘችኝም።»

ወታደሮቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ያኔ አያ ደረሶ፣ «ገበሬ ነኝ ያለ በሬውን ይጥራ፤ በሬ አራሹን ያውቃል» አሉ። መቶ አለቃው ተስማማ። ፊደል በራሴ የለቀምሁ ስለሆንሁ ወረቀት ሰጠኝ፤ ከየስሙ ጎን «ገበሬ» ወይም «ሽፍታ» ብዬ እንድጽፍ።

የካሴ በሬ ወዲያው መጣ። ቀጥሎ የወንድሜ የተገኘ ተራ ሆነ። ከመስከረም ጀምሮ ከጭቃ ሹሙ ተጣልተው ከሸፈቱት ጋር ጫካ ነበር፤ ለውቂያ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ። ይህን እናቴና እኔ እናውቃለን። ከተያዘ ታስሮ ጎንደር ይወርዳል።

«ና ዳልቻ… ና የኔ ጌታ…» አለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። በሬው ከገለባው ቀና አላለም። የእናቴ ወንፊት ቆመ።

«ጻፍ» አለኝ መቶ አለቃው።

«ምነው ትለምነዋለህ?» ብለው ጮኹ አያ ደረሶ። «በሰኔ ስታርስ እንደምትጠራው ጥራው እንጂ!»

ተገኘ ዓይኑን ጨፈነና እርፍ እንደ ጨበጠ ሰው ከሆዱ ተጣራ። ዳልቻው ገለባ በአፉ እንዳንጠለጠለ እየተጎተተ መጥቶ አፍንጫውን ብብቱ ሥር ከተተ። ወንድሜ አንገቱን አቅፎ አለቀሰ።

«ገበሬ» ብዬ ጻፍሁ። እውነት ነበር። ሌላውም እውነት ነበር፤ ወረቀቱ ግን የአንድ ቃል ቦታ ብቻ ነበረው።

መቶ አለቃው እናቴ የሰጠችውን ትኩስ የገብስ ቆሎ እየቆረጠመ በሬውን ዳሰሰ። «ሸጋ በሬ ነው። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ» አለና ወረቀቱን ሳያነብ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ለምን እንዳላነበበው እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሁለቱ ወታደሮች በሕይወት ያለ ካለ፣ መቶ አለቃው በመንገድ ላይ የተናገረው ነገር ካለ ይንገረኝ። ካሴ፣ አንተም ይህን ካነበብኸው፣ ዳልቻው በቀኝ ነበር ወይስ በግራ የሚጠመደው? ተገኘ አርፏል፤ የምጠይቀው የለኝም።