የላፕቶፕ ገዢ እጅ

ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ እንዳይሄድብን ላፕቶፕ ልንገዛለት ተስማማን። ነገሩ ይኸው ነው። ሌላው ሌላው ምክንያት ለጎረቤት የምንናገረው ነበር፤ ሥራ ይፍጠር፣ ዩኒቨርሲቲው ለከተማው ተማሪ አምጥቷል፣ ምናምን። እውነቱ ግን የሰፈራችን ልጆች በሞያሌ በኩል እየሾለኩ ሄደው ከዚያ ፎቶ መላክ ከጀመሩ ወዲህ ወንድሜ ምሳ እየበላ እንኳ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። እናታችን ከሞተች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው አባባ፣ እኔና እሱ ብቻ ነን። እሱ ከሄደ ቤቱ ለአባባና ለእኔ ብቻ ሊቀር ነው።

በላፕቶፑ ጌም ቤት ልክፈት የሚለው ሐሳብ ከራሱ ነው የመጣው። እዚሁ ሮቤ ውስጥ ተማሪ ከሚያልፍበት መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ይከራያል፤ ላፕቶፑን ከትልቅ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ኳስ ያጫውታል። ለምን ላፕቶፕ ሆነ ብትሉ፣ የክፍሏ በር በእግር ቢመቱት የሚከፈት ስለነበር ነው። ሲመሽ ዕቃውን ይዞ ወደ ቤት መግባት ነበረበት፤ ቤታችን ደግሞ ከዚያ ቅርብ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የጉድ ነው። ጎባ ሄዶ ኢንተርኔት ቤት ይቀመጥና ያነበበውን ሁሉ ይዞብኝ ይመጣል። እኔ ሲናና አንደኛ ደረጃ ሳስተምር ውዬ፣ ጫማዬን ጭቃ አስይዤ ስገባ በር ላይ ይጠብቀኛል። ፕሮሰሰር እንዲህ ነው፣ ግራፊክስ ካርድ እንዲያ ነው። ኮር አይ ፋይቭ ከኮር አይ ሰቨን በምን ይለያል ብሎ ይጠይቀኝና ራሱ ይመልሳል። ሰባት ስለተባለ ብቻ አይበልጥም ይለኛል፤ ከቁጥሩ መጨረሻ «ዩ» የምትል ፊደል ካለች ኃይል ቆጣቢ ናት፣ ጌም ላይ ትልፈሰፈሳለች። ጌም የሚችል ላፕቶፕ ደግሞ ከባድ ነው፤ ማራገቢያውና ማቀዝቀዣው ብረት ነው የሚያከብደው። ባትሪውንማ እርሺው፣ ጌም ባትሪ ይጠጣል፣ ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ነው የሚውለው። ይህን ሁሉ ሳልወድ በግዴ ተማርኩ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ልጆቼን ማባዛት እያስተማርኩ «ኮር» ልል ምንም አልቀረኝም።

አባባ ከእኔ ይልቅ ደስ ብሏቸው ይሰሙት ነበር። ኮር የምትለው ቃል ግን አስቸገረቻቸው። በኦሮምኛ ኮራ ኮርቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ በጉልበታቸው ዘመን ጊኒር ገበያ የፈረስና የከብት ደላላ ነበሩ። ለአንድ ፈረስ ሰባት ኮርቻ ምን ያደርግለታል ብለው ተገረሙ። ወንድሜ ሊያስረዳቸው ላብ በላብ ሆነ። ስለ ጄኔሬሽን ሲነግራቸው ግን ወዲያው ገባቸው፤ ዘሩን ማለትህ ነው አሉት። የኮምፒዩተሩን ማርክም በስሙ አይጠሩትም፣ የማን አገር ነው ብለው ነው የሚጠይቁት። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ የታይዋኑ፣ የጃፓኑ፣ የአሜሪካው ይባል ጀመር። ወንድሜ የታይዋኑን ነበር የሚወደው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ቁልፎቹ ቀይ የሚያበሩ። ፎቶውን ስልኩ ላይ አድርጎት ነበር።

ስለ አባባ ድለላ አንድ ነገር ልናገር። የገዢን አፍ አይሰሙም ነበር። ገዢው በአፉ የፈለገውን ቢል እሳቸው የሚያዩት እጁን ነው። እጁ መጀመሪያ ወደ ጥርስ ከሄደ ፈረሱን መልሶ ሊሸጠው ነው። ደረቱን ከዳበሰ ለግልቢያ ነው። ጎንበስ ብሎ ኮቴውን ካነሳ ግን ሩቅ መንገድ አስቧል። ይህን በልጅነታችን ደጋግመው ነግረውናል።

ሌላም አላቸው። ሰው ሲነሳላቸው በኦሮምኛ «ኡልፋዹ» ይላሉ። ተከበር ማለት ነው፤ ቃሉ ግን ክብደትንም ይይዛል፣ ከባድ ሁን እንደማለት። አገሩ ሁሉ ይለዋል፣ አባባ ግን ለማንም አይበትኑትም። ወንድሜ ስልኩ ላይ አፍጥጦ አባቱ ሲገቡ መነሳት ከተወ ወዲህ ከአፋቸው ይህን ቃል አልሰማም። አይቆጡትም፤ አልፈውት ይቀመጣሉ። የምበግነው እኔ ነበርኩ።

የግዢው ቀን ሦስታችንም ጎባ ሄድን። ባለሱቁ የጊኒር ሰው ነው፣ አባባን ያውቃቸዋል፤ ከወንበሩ ተነሳላቸው፣ ኡልፋዹ አሉት። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ላፕቶፕ ደረደረልን። አንዱ ያ ጥቁሩ የታይዋን ነው። ሁለተኛው ግራጫ የአሜሪካ፣ የቢሮ ዕቃ የሚመስል። ሦስተኛው ቀጭን፣ ብርማ፣ የጃፓን። ባለሱቁ ብርማውን አይ ሰቨን ነው እያለ አሞገሰልን። እኔም የተማርኩትን ላሳይ ብዬ ጎንበስ አልኩና አነበብኩት። መጨረሻው ላይ «ዩ» አለች። በልቤ ሳቅሁ፤ ይሄማ ወድቋል አልኩ።

ወንድሜ ጥቁሩን አስከፈተና ትንሽ አየው። ከዚያ እጁ ወደ ብርማው ሄደ። በአንድ እጁ አንስቶ መዘነው። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠየቀ። የቻርጀሩን ገመድ ጠቅልሎ መዳፉ ውስጥ ያዘው። ጀርባ ላይ በሚታዘል ቦርሳ ይገባ እንደሆነም ጠየቀ። ያን ሁሉ ወር ያሰለቸኝን ማራገቢያና ግራፊክስ ካርድ አንዴም አላነሳም።

ቀና ስል አባባ የሚያዩት እጁን ነበር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጁ ጌም ቤት ሊከፍት አይደለም።

ዝም ማለት አልቻልኩም። ይሄ ዩ አለበትኮ አልኩት። አንቺ ምን ታውቂያለሽ አለኝ። አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ ብዬ ልቀጥል ስል አባባ እጃቸውን አነሱ፤ ልጁ መርጧል፣ ይጠቅለልለት አሉ። በጣም ተናደድኩ። ባጃጅ ውስጥ ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ የስንዴውን ማሳ እያየሁ ቤት ደረስኩ።

ቤት እንደገባን አባባ ወደ ጓዳ ገቡና ለገበያ ሲሄዱ ይይዟት የነበረችውን የቆዳ ቦርሳቸውን አምጥተው ወንድሜ ጭን ላይ አኖሩለት።

«ለሩቅ መንገድ ጥሩ መርጠሃል» አሉት። «አላህ መንገድህን ያቅናልህ። ሳትሰናበተኝ ብቻ አትሂድ።»

ወንድሜ ፊቱ አመድ መሰለ። የቦርሳዋን ማሰሪያ ይፈታና መልሶ ያስር ጀመር። አባባ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ወጡ። እኔ ሌላ አባት ቢሆን በአርጩሜም ቢሆን ይይዘው ነበር እያልኩ ድስት እያጋጨሁ አመሸሁ። ለምን ገዛህለት፣ ለምን ቦርሳህን ጭምር ሰጠኸው! በአፌ አንቱ የምላቸውን አባት በሆዴ አንተ አልኳቸው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

በማግስቱ ከሲናና ስመለስ ወንድሜ የለም። አልጋው ተነጥፏል። እሱ አልጋ አንጥፎ አያውቅም። ላፕቶፑ የለም፣ የቆዳ ቦርሳዋም የለችም። አባባ ለዐስር ሶላት መስጊድ ሄደዋል። መናኸሪያ ልሩጥ ብዬ ነጠላዬን አነሳሁና ጠዋት የወጣ አውቶቡስ አሁን የት ይገኛል ብዬ መልሼ ጣልኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሲመጡ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? ሳይሰናበትዎት ሄደ ልበላቸው?

የግቢው በር ተንኳኳ። እሱ ነው። ትልቅ ካርቶን ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ቦርሳዋን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እያለከለከ ገባ። ቦርሳዋ ባዶ ነበረች። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሲከፍተው ጥቁሩ ላፕቶፕ ነው። ባለሱቁን ለምኖ ብርማውን ለውጦ መምጣቱን ነገረኝ፤ ጥቁሩ በአባባ ቦርሳ ውስጥ እንደማይገባም ለክቶ አይቶታል። ልመታው ነበር እጄን ያነሳሁት፣ አንገቱን አቀፍኩት።

አባባ ከመስጊድ ሲገቡ ወንድሜ ተነሳ። ከተነሳላቸው ስንት ጊዜው! እሳቸው በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄዱና ላፕቶፑን በሁለት እጃቸው አነሱት። በአንድ እጅ የሚያዝ አልነበረም። ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑት።

«ባትሪውስ ስንት ሰዓት ይቆያል?» አሉት።

«አይቆይም አባባ። ከግድግዳው ሲነቀል ወዲያው ነው የሚጠፋው።»

ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ መለሱት። ወንድሜ አሁንም እንደቆመ ነበር። ትከሻው ላይ እጃቸውን ጣል አድርገው «ኡልፋዹ» አሉት። ከባድ ያሉት ላፕቶፑን ይሁን እሱን አልጠየቅኳቸውም። ቻርጀሩን አወጣሁና ወንበሩ ሥር ያለው ሶኬት ላይ ሰካሁት።