ቀዩ መብራትና የመንጌ መንገድ

ሌንጂሳ ፈሪ ነው፤ ይህን ከእኔ በፊት እሱ ራሱ ይነግራችኋል። አሶሳ ውስጥ ሞተር ሲያድስ ዓመታት አልፈዋል፤ የገጠመው ሞተር ሲነሳ ግን ዛሬም ጉልበቱ ይከዳዋል። ምክንያት አለው። በጋራዡ ወግ ሞተር የገጠመ ሰው በመኪናው የመጀመሪያ ረጅም ጉዞ ጋቢና ይቀመጣል። እምቢ ካለ ሥራውን ራሱ አላመነውም ማለት ነውና ሌላ መኪና የሚያመጣለት የለም።

አሁን ሞተሩን ያደሰው የዓብዱልላጢፍ ፒክአፕ የመጀመሪያ ጉዞ ደግሞ ወደ መንጌ ነበር። የዓብዱልላጢፍ ሚስት ሂባ እዚያ እናቷ ዘንድ ሆና መውለጃዋ ደርሷል፤ የፊተኛውን ልጅ በቀዶ ጥገና ስለወለደች አሶሳ ሆስፒታል መድረስ አለባት። በዚያ መንገድ፣ ቀርከሃው መሀል መኪና ቢቆም ማን እንደሚመጣ አይታወቅም።

በዋዜማው መኪናውን ሊሞክሩ ወጡ። ሲመለሱ የዘይቱ ቀይ መብራት በራ።

"መብራት ነው የሚዋሽ፣ ኡስታ" አለው ዓብዱልላጢፍ መካኒኩን። "ሽቦ ንቀል። ሂባ እየጠበቀ ነው፣ ወላሂ!"

ሌንጂሳ ሽቦውን ያዘ። መንቀል አምሮት ነበር። ከሞተር ይልቅ አምፖል ቢዋሽ ማን ይጠላል? ነገር ግን መብራቱ ቢጠፋ ፍርሃቱ አብሮ አይጠፋለትም።

ሽቦውን ትቶ የዘይት ግፊት መለኪያ ገጠመ። ሞተሩ ሲነሳ መርፌው ሽቅብ ወጣ፤ ሲቆይ ቀስ በቀስ ወረደ። መብራቱ አልዋሸም። ኮሎው፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ የሚሽከረከርበት ብሮንዝ ሰፍቶ ከሆነ ሞተሩ እንደገና ሊፈታ ነው፤ ምጥ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም።

አጠፋው። ገና እንደጋለ ደግሞ አስነሳው። መርፌው ተመለሰ! ብሮንዝ ቢሰፋ ኖሮ በጋለ ሞተር ላይ ግፊቱ ባልተመለሰ። እንግዲያው ሞተሩ ሲሠራ ወደ ዘይት መሳቢያው አፍ የሚሳብ፣ ሲጠፋ የሚወድቅ ነገር አለ።

ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ኮፓ አወረደ። የመሳቢያው ወንፊት በሲሊኮን ቁርጥራጭ ተደፍኗል። የኮፓው ማሸጊያ ጋርኒሽን ገበያ ላይ ስላልተገኘ፣ ዘይት እንዳያንጠባጥብ ፈርቶ ሲሊኮን ደራርቦ የቀባው ራሱ ነው። ትርፉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ረግፏል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ጠርጎ፣ በስሱ ቀብቶ ገጠመው። መርፌው አልወረደም። በማግስቱ ጋቢና ተቀመጠ።

ሂባን ይዘው ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ምጥ ጀመራት። ከኋላ ሆና የሌንጂሳን ትከሻ ጨምድዳ ያዘች። እሱ ዓይኑን ከዳሽቦርዱ አልነቀለም።

"ኡስታ፣ ምን እያየህ ነው?"

"ምንም፣ እህቴ።"

"ምንም ከሆነ ለምን ያልብሃል?"

ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሶች ደግፈው ሲያወርዷት ሂባ ወደ ጋቢናው ዞር አለች። ሌንጂሳ አሁንም መብራቱ ላይ አፍጥጧል፤ ጉልበቱ ከድቶት መውረድ አቅቶታል።

"እሱንም አስገቡት" አለች።