የአረቄ አውጪዎቹ ማኅበርና የእኔ ሳሙና

ባሕር ማዶ የኬሚካል ምሕንድስና ተምሬ መቱ ስገባ፣ በኢሉባቦር ምድር ያንን ትምህርት የተማርኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። ብቻዬን በመሆኔ ደግሞ የኮራሁት ኩራት አይነሣ። አንድ የቡና ነጋዴ ሳሙና መሥራት አምሮት ስለነበር ከግቢው ጓሮ የቆርቆሮ ዳስ ተከለ፤ ሁለት በርሜልና አንድ ትልቅ ብረት ድስት ሰጥቶ «ይኸው ፋብሪካህ» አለኝ። እኔም ነጭ ጋዎኔን ለብሼ ሞራ ማማሰል ጀመርኩ።

ብዙም ሳልቆይ ፖስታ ቤት የምትሠራ ልጅ ወደድኩ። እሷም ወደደችኝ፤ ቴምብር በየቀኑ የሚገዛ፣ ደብዳቤ ግን የማይልክ ሰው ምን እንደሚፈልግ ለመረዳት ብልህ መሆን አያሻም። ያስቸገሩት አባቷ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የፈጁ፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት እጅ ልነሣ ብዬ ቤታቸው ብሄድ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ሐኪም በሽተኛ ቢያበላሽ ጠያቂ አለው። ቄስ ቢያጠፋ ጳጳሱ ይገሥጸዋል። አንተ ብታጠፋ ማን ነው የሚጠይቅህ?» አሉኝ።

«እኔ አላጠፋም፣ ጋሼ» አልኳቸው። ይህችን መልሴን ዛሬም ሳስባት ብርድ ልብስ ውስጥ መግባት ያምረኛል።

«እንግዲያው ጠያቂ ስታገኝ ሽማግሌ ትልካለህ። ከበላዩ ዳኛ ለሌለው ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው ሸኙኝ።

ጠያቂማ ነበረን። በተማርኩበት አገር የኬሚካል መሐንዲሶች ማኅበር አለ። ለሙያው ብቁ የሆነውን መዝግቦ ይይዛል፣ ደንብ ያወጣል፣ ያጠፋውን ጠርቶ ይጠይቃል፣ ካልሆነም ያባርራል። አባል ከሆንኩማ ልጅቷ የእኔ ናት ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤውን ራሷ ማኅተም መታችበት። ከወራት በኋላ መልሱን ስታቀብለኝ ፖስታውን በጣቷ መዝና «ቀጭን ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሥራዬን ያዩ ሁለት አባላት እንዲፈርሙልኝ ያስፈልጋል፤ ለእኔ ቅርብ የሆኑት አባል ካርቱም ይኖራሉ ይላል።

ለአባቷ ነገርኳቸው። እሳቸው እቴ፣ ምንም አልደነቃቸው። «ካርቱም ምን አላት? ቡናችን ከጋምቤላ በመርከብ እየወረደ እዚያ አይደለም እንዴ የሚጠጣው? ከጆንያው ጋር ተጭነህ ሂድ» አሉና ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብህ፣ ልጄ» አሉኝ። ተናድጄ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን የመጀመሪያው ሳሙናዬ ደረሰ። ሳሙና ሞራና ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ሶዳው ከበዛ የሰው ቆዳ ይልጣል። ስሌቴን ሦስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፣ እንከን የለውም። እንከኑ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ነጋዴው ሁለት ሚዛን ነበረው። አንዱ ከዳሪሙና ከያዮ የሚመጣውን ቡና የሚገዛበት ሲሆን የተሰቀለበትን አሳንሶ ያሳያል። ሌላው የሚሸጥበት ነው፣ አብልጦ ያሳያል። መቱ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፣ ከባሕር ማዶ ተማሪው በቀር። እኔ ሶዳውን በመግዣው ሚዛን መዘንኩ፣ ሞራውን በመሸጫው። ሶዳው ከሚገባው በላይ በዛ፣ ሞራው ከሚገባው በታች አነሰ። ለማበላሸት አስቤ ብነሣ እንኳ እንዲህ አይሳካልኝም።

ሳሙናዬን ቀድመው የገዙት የከተማው አረቄ አውጪ ሴቶች ናቸው፤ ልብሳቸውንና ዕቃቸውን ሊያጥቡበት። በሦስተኛው ቀን እጃቸው እንደ ተቀቀለ ድንች ተላጠ።

እነዚህ ሴቶች ማኅበር አላቸው። አዲስ ሴት አረቄ ልሽጥ ብትል መጀመሪያ በአባላቱ ፊት ታወጣለች፤ የማኅበሩ ዳኛ በማንኪያ ቀድተው እሳት ያስነኩታል፣ በደንብ ከነደደ ትገባለች። አረቄዋን ያሳረረች ወይም ሰው ያሳመመች ደግሞ በገበያ ቀን ከዋርካው ሥር ትቆማለች። የራሷን አረቄ ራሷ ትጠጣለች፤ ከዚያ ሌሎቹ እንዳይደግሙት እንዴት እንደተሳሳተች ትናገራለች። ከዚህ የሚቀር ሰው የለም፣ የዳኛዋ እኅት ብትሆንም።

ዳኛዋ ረጅም ሴት ናቸው፤ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ትንፋሽ ይናገራሉ። የተላጠ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዳሴ በር ላይ ቆሙ።

«ኮቱ። ና ብዬሃለሁ፤ ቅዳሜ ትዳኛለህ።»

«እትዬ፣ የእኔ ሙያ ሌላ ነው። እኔን የሚዳኘኝ ማኅበር ባሕር ማዶ ነው» አልኩ።

«ጥራቸዋ።»

ማማሰያዬን አንሥቼ ድስቴን ማማሰል ጀመርኩ።

«እሳት ታነዳለህ?»

«አነዳለሁ።»

«ልኩ ሲያልፍ ይበላሽብሃል?»

«ይበላሻል።»

«ታዲያ ከእኛ በምን ተለየህ፣ በጋዎኑ ነው?» አሉና ሄዱ።

ቅዳሜ እየተብከነከንኩ ሄድኩ። ከዋርካው ሥር ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ገበያተኛውም ቡናውን ጥሎ ከቧቸዋል። የማኅበሩን መዝገብ ይዞ፣ መነጽሩን ሰክቶ የተቀመጠው ጸሐፊ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የልጅቷ አባት! በወር አንድ ጠርሙስ እየተሰጣቸው ለካ ስንት ዓመት ጽፈውላቸዋል። አጥፍቻለሁ ካልኩ ልጅቷ ሄደች። አላጠፋሁም እንዳልል ሃያ የተላጠ እጅ ተዘርግቶልኛል።

«እንዴት ተሳሳትክ?» አሉ ዳኛዋ።

«ሚዛኑ ነው ያሳሳተኝ» አልኩ ቶሎ ብዬ፣ ነጋዴውን እያየሁ። እሱ አንጋጦ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ይመለከታል።

«ሳይፈትሽ የመዘነበት ማን ነው?»

አባትየው መጻፋቸውን አቁመው ቀና አሉ። ያን ጊዜ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። መዋሸት እችል ነበር፤ ግን ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ በተላጠ እጇ ልጇን ማዘል አቅቷት ጎረቤት ይዞላታል።

«እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

ከዚያ ስሌቱን፣ ሁለቱን ሚዛን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገርኩ። ነጋዴው በማግሥቱ አንዱን ሚዛን ከደጅ አነሣው። ቅጣቱ ግን ገና ነበር፦ በራሴ ሳሙና እስከ ክርኔ፣ ፊቴንም ጭምር መታጠብ። ሳሙናዬን አሸሁ። «አረፋው አነሰ» አለች አንዷ። ጨመርኩ። «ከጆሮው ኋላ ቀረው» አለች ሌላዋ። እዚያም አሸሁ። ሴቶቹ በሳቅ ይንከባለላሉ፤ እኔ ፊቴ እየነደደ ለራሴም ሳቄ መጣ፤ ስስቅ አፌ ገባ። ባጭሩ፣ ከገዛ ሳሙናዬ የቀመስኩትን ያህል ማንም ደንበኛ አልቀመሰም።

ዓይኔ አብጦ ተከደነ። ውሃ፣ ውሃ ስል አንድ ሰው በማሰሮ ውሃ ከአናቴ ላይ ደፋብኝ፤ ግማሹ በአንገቴ ወርዶ ልብሴ ውስጥ ገባ።

«ቀስ አድርገህ አፍስስ እንጂ፣ አንተ ደንቆሮ!» ብዬ ጮኽኩበት።

ውሃው ቆመ።

«ደንቆሮው አማትህ ነኝ» አሉኝ አባትየው። «ጠያቂ አገኘህ፤ አልሸሸም ብዬም መዝገቡ ላይ ጽፌያለሁ። በል ጎንበስ በል፣ ልጨርስልህ።»

ጎንበስ አልኩላቸው። እዚያው እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ሰው ሁሉ ሳሙናው ነው አለ።