የሰይፈዲን ሁለት ምርመራ

ልብስ ሰፊውን ሰይፈዲንን የኮልፌ ሰው የሚለየው በአካሄዱ ነበር። መሬቱ ፍም ይመስል በእግሩ ጠርዝ ይራመዳል። በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌው ጥበቃዎች «ለምርመራ ትፈለጋለህ» ብለው ከስፌት መኪናው ላይ አንስተው ወደ አዳራሹ ወሰዱት። ሲለቁት ሚስቱ ሃጂራ አዝላ ወደ ቤት መለሰችው፤ ውስጥ እግሩ ተተልትሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ ፔዳል መርገጥ ስላልሆነለት መኪናውን በእጅ በሚዞር ለወጡት። በቀኝ እጁ እያዞረ፣ በግራው ጨርቁን እየመራ ቤቱን አኖረ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ማለዳ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጮኸ።

«ዕድሜያችሁ ከሠላሳ በላይ የሆነ ነዋሪዎች በሙሉ፣ ነገ ለምርመራ በአዳራሹ እንድትገኙ! የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳር አያገኝም!»

የሰይፈዲን እጅ እጀታው ላይ ደረቀ።

«የጤና ዘመቻ ነው እኮ» አለችው ሃጂራ። «ደም ብዛት ያለበትን ሊለዩ ነው። አንተ ደግሞ ራሴን፣ ጆሮዬን ማለት ካበዛህ ሰነበትክ።»

«ያኔም ለትንሽ ጥያቄ ነው ብለውኝ ነበር።»

ሲነጋ ሱሪው ረጥቦ አገኘችው። ያን ስታይ ልታስገድደው አልቻለችም። ጓሮ ክፍል ወደተከራየው ወደ ጀይሉ ሄደች፤ ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ ዕቃ የሚሸከም ጎረምሳ ነው።

«ጀይሉ፣ ዛሬ ባሌ ሁን።»

«ኧረ እትዬ ሃጂራ፣ ሰው ይሰማናል!»

«ዝም በል፣ ባለጌ። ስሙን ትናገርና ክንድህን ትሰጣለህ፣ በቃ።»

አዳራሹ ውስጥ ድሬሰሩ የጀይሉን ክንድ እያሰረ ቀና ብሎ አየው። «ሰይፈዲን አንተ ነህ? ሃምሳ ዓመት እንዲህ የሚያሳምር ከሆነ ምን እንደምትበላ ንገረኝ።»

«በሶ» አለ ጀይሉ፤ ሰልፈኛው ሳቀ።

ሊቀመንበሩ ዳኛቸው አልሳቀም። ጀይሉን ያውቀዋል። ሰይፈዲንንም ያውቀዋል፤ ያን ጊዜ ዱላውን የያዘው እሱ ነበር።

«ጤነኛ ብለህ ጻፍ» አለው ድሬሰሩን። «ከእኛ ቀበሌ አንድ ሰው መጉደል የለበትም።»

ክረምቱ ሳይወጣ ሰይፈዲን መኪናው ላይ ተደፋ። አፉ ተጣመመ፤ ቀኝ ጎኑ ሙሉ በሙሉ በድን ሆነ። ሐኪም ቤት ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት ካላመጣሽ አይተኛም አሏት። ሃጂራ ወደ ዳኛቸው ሮጠች።

«ነፃ ወረቀት በምርመራው በሽታ ለተገኘባቸው ነው» አላት። «ባልሽ ጤነኛ ተብሏል።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ያን ቀን የመጣው እሱ እንዳልሆነ እርስዎም ያውቃሉ...»

«ዘመቻውን አጭበርብሬያለሁ እያልሽኝ ነው? ከማን ጋር?» ፈገግ አለ። «ያ ልጅ አሁንም አንቺው ጋ ነው የሚያድረው?»

ወረቀቱን ሳታገኝ ተመለሰች።

ብዙም ሳይቆይ ዘመቻውን የሚገመግሙ እንግዶች ከበላይ መጡ። ነዋሪው ተሰበሰበ። መነጽር ያደረገው እንግዳ፣ «ጤነኛ ከተባሉት ውስጥ በኋላ የታመመ አለ? ካለ እናሳክመዋለን» ሲል ጠየቀ።

ሃጂራ ሳታስበው ብድግ አለች። ዳኛቸው እሷን አላየም፤ በሩ ጋ የቆመውን ጀይሉን ነበር የሚያየው። ጀይሉ አንገቱን ደፋ።

«ወይዘሮ ሃጂራ ልትመሰክር ነው» አለ ዳኛቸው። «ንገሪያቸው እስቲ። ባልሽ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አልተመረመረም?»

የቆመችበትን ሲሚንቶ አየች። ያኔ ሰይፈዲንን ያነሳችው ከዚሁ ላይ ነው።

«ተመርምሯል» አለች። «በደንብ አድርጋችሁ መርምራችሁታል፣ ጓድ።»

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። እንግዳው አመስግኗት ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። ቀበሌው አንደኛ ወጥቶ ባንዲራ ተሸለመ።

ቤት ስትገባ ሰይፈዲን ከአልጋው ተንጋዶ፣ በግራ እጁ ወደ መኪናው እጀታ ይንጠራራል። እጀታው በቀኝ በኩል ነው። ጥቂት ቆማ አየችው፤ ከዚያ መኪናውን በጨርቅ ሸፈነችበት።