የዘይላ ኖራ የበላው ፀጉሬ

ከአንኮበር ልንወጣ ስንል፣ በዋዜማው ማታ እናቴ ምድጃ ዳር አስቀምጣ ሹሩባ ሠራችኝ። ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ ጣል አደረገችና «ሳይፈታ ተመለሽልኝ» አለች። ሹሩባ ስንት ቀን ይቆያል? እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ባሌ ተክሌ ዘይላ ላይ የአንድ የባሕር ማዶ ነጋዴ የዝሆን ጥርስ ሊጠብቅ ተቀጥሮ ነበርና፣ ጉሙ ሳይገፈፍ ቁልቁለቱን ተያያዝነው።

የአዳልን በረሃ አልተርክላችሁም፤ ተርፌ ማውራቴ ይበቃል። ዘይላ ስንደርስ ግን የጉምሩኩ ሹም የግመሎቹን ጭነት ትቶ የእኔን አናት ይመረምር ጀመር። አሸተተኝ እኮ! በአስተርጓሚ በኩል፣

«ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«ቅቤ።»

«ለሽያጭ ነው?»

«አዎ፣ ገዢ ከተገኘ ከነአንገቴ እሸጠዋለሁ» አልኩት። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደነገረው እንጃ፣ ብቻ አሳለፈኝ። ሹም ተብሎ ሞቷል!

ከተማ ተብዬውማ ጉድ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ጨው፣ ነፋሱ ከምድጃ የወጣ። የሚጠጣ ውሃ በአቁማዳ ይሸጣል፤ እናንተ እዚያ ደጋ ከምንጭ እየቀዳችሁ የምትደፉትን ማለቴ ነው። አከራያችን ዘይነብ፣ ከአንኮበር ሥር ባለው በአልዩ አምባ ገበያ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ የማይተናነስ ሴት ናት። ገና ስገባ አፍንጫዋን ያዘች።

«በዚህ ቅቤ ትራሴን ልታበላሺው ነው! እዚህ ቤት የምትኖሪ ከሆነ በኖራ እጠቢው። ከዚያ በሂና እናቀላዋለን፤ ወላሂ ሰው ትመስያለሽ!»

እስከዛሬ ምን መስዬ ኖሬያለሁ? ግን ሌላ የሚያስገባን ቤት አልነበረም፤ እሺ አልኩ። ኖራውን ለጥፋ ፀሐይ ላይ አሰጣችኝ፤ ሂናውን ደግሞ ደረበችበት። ሲታጠብ፣ ያ ጥቁር ፀጉሬ ቀልቶ፣ እንደ ገለባ ደርቆ ቁጭ! ሚዶ ባስገባሁ ቁጥር እየተቀነጠሰ እጄ ላይ ይቀራል።

ዘይነብ አየችው፣ አላፈረችም። «ተላጪው፣ አዲስ ይወጣል» አለችኝ።

አይ እውቀት! እኛ አገር ባለትዳር ሴት ተላጭታ ከታየች ባሏን ቀብራለች ማለት አይደለም? የሰፈራችን ነጋዴ አያ ደስታ ደግሞ ከሸዋ ከሚወርደው የነጋዴዎች ቅፍለት ጋር በመምጣት ላይ ነበር። እንደዚያ ሆኜ ካየኝ መርዶው በቀጥታ እናቴ ዘንድ ነው። እናቴ አባቴ የሞተ ጊዜ ፊቷን ነጭታ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ከመሬት ስትነሣ ስንት ጊዜ የፈጀባት ሴት ናት። ተክሌን ደግሞ እንደ ልጇ ነው የምትሳሳለት።

ጥገና ገባሁ። ሚዶውን ወረወርኩና በጣቴ ብቻ አፍታታሁት። ለጾም ያመጣሁትን ተልባ ቀቅዬ ልጋጉን አጠጣሁት። በሚጠጣው ውሃ ሳለቀልቀው ተክሌ «እኛ እየተጠማን ፀጉርሽ ይጠጣ?» ብሎ ተነጫነጨ፤ አልሰማሁትም። የሱማሌ ሴቶች የሚያመጡትን ቅቤ ቀብቼ በጨርቅ ጠቅልዬ አድራለሁ። ትራሷን አፈር ይብላው! እያደር ወዙ ተመለሰ። ግንባሬ ላይ ያለው ግን ተሰብሮ አልቋል፤ እሱን በሻሽ ሸፈንኩት።

አያ ደስታ ሲመጣ ተክሌ ሥራ ላይ ነበር፤ ደጅ ደግሞ ጭነው ወደ ሸዋ ሊነሡ የተዘጋጁ የአገራችን ሰዎች ቆመዋል። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ቤቱን ቃኘ፣ ሻሼን አየ።

«ምነው እህቴ፣ ምን ሆንሽ?»

ማሳየት ይሻላል ብዬ ሻሼን ገፈፍኩት። «ይኸው አያ ደስታ፣ ፀጉሬ ደህና ነው!»

የግንባሬን ምልጥ ማለት ሲያይ፣ «ወይኔ ተክሌ! ወይኔ ወንድሜን!» ብሎ ለቅሶውን ለቀቀው።

«ኧረ አልሞተም! ኧረ በሕይወት አለ!» ብል ማን ይስማኝ? ዘይነብም ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ታግዘዋለች። በመጨረሻ ተክሌ ራሱ ዓሣ አንጠልጥሎ ገባና የገዛ ለቅሶው ላይ ደረሰ።

ሆዳችን እስኪፈርስ ሳቅን። ስንወጣ ግን ደጅ ቆመው የነበሩት የአገራችን ሰዎች የሉም። ዋይታውን ሰምተው፣ ተክሌ ሳይደርስ መርዶውን ይዘው ሄደዋል።

አያ ደስታ ጭነቱን ሽጦ የተነሣው ሁለት ወር ቆይቶ፣ ገና ትናንት ነው። «እናቴን ተክሌ ደህና ነው፣ እኔም ሹሩባ ተሠርቻለሁ በላት» ብዬ ላክሁት። ምን ዋጋ አለው፣ መርዶው ቀድሞታል። እማዬ ይኼኔ ያን ሽበቷን ተላጭታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የእኔንስ በተልባም በቅቤም ጠገንኩት፤ የእሷን ማን ይቀባላታል?