ፊልትሮውን ይዛችሁ ኑ

ጎረቤቴ ደሜ ሰውን የሚመዝነው በሞተሩ አየር ማጣሪያ፣ በፊልትሮው ነው። ሌላው ሰው ጫማ ያያል፣ የማን ልጅ ነህ ብሎ ይጠይቃል። ደሜ ግን ካቻቢቴውን ይዞ የሞተርህን ኮርቻ ያነሳና ፊልትሮህን መዞ ያወጣል። አንዴ ካየው በኋላ ስለ አስተዳደግህ ሳይቀር የሚነግርህ ነገር አያጣም።

ጋራዡ ከ18 ማዞሪያ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። እሱን ከእኔ ፍራሽ መሸጫ የሚለየን አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነው። የሚጠግነው እነዚያን ከፍ ከፍ ያሉ፣ ጎማቸው ጥርስ ያወጣ፣ ዳገትና አቧራ የማይፈሩ የገጠር ሞተሮችን ነው። የነሱ ፊልትሮ ስፖንጅ ነው። እኔም የስፖንጅ ነጋዴ ስለሆንኩ አንድ ቀን በጉርብትና ወግ ከፍራሽ የተረፈ ቁራጭ ይዤለት ሄድኩ። በጣቱ ጫን ጫን አደረገውና «ኢርፋን፣ ይሄ ለጀርባ ነው፤ ለሳንባ አይሆንም» ብሎ መለሰልኝ። ሰው ስጦታ እንዲህ ይመልሳል? አኮረፍኩት። እሱ ግን ማኩረፌን እንኳ ሳያውቅ ኩርፊያዬ አለቀ።

ደንበኛ በመጣ ቁጥር የሚሰብከው ስብከት አለው። ፊልትሮ መጀመሪያ በነጭ ጋዝ፣ ቀጥሎ በሳሙና ውሃ ይታጠባል። በቤንዚን ግን በፍጹም፤ ማጣበቂያውን ይበላዋል። ይጨመቃል እንጂ አይጠመዘዝም። ጥላ ላይ ይደርቃል። ከዚያ የሚያጣብቀው ዘይት ጠብ ጠብ ይደረግበትና ሁሉም ቦታ አንድ ቀለም እስኪይዝ በእጅ ይታሻል፤ የተረፈው ተጨምቆ ይወጣል። አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ነው፤ ደረቅ ስፖንጅ ወንፊት ነው፣ ያሳልፋል። መጨረሻ ላይ ጠርዙ ግራሶ ይቀባል፤ አለበለዚያ አቧራው እንደ ሌባ በጎን ይገባል። ይህን ሁሉ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ከቆርቆሮው ማዶ ለዓመታት ሲጮህ ሰምቼው ነው፤ ወላሂ፣ በእንቅልፌም ልወጣው እችላለሁ።

ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም አያርፍም። እሱና ባለቤቱ አልማዜ ጴንጤዎች ናቸው፤ እሷ መዘምራን ውስጥ ናት። አንድ እሁድ ደሜ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ስብከቱን ትቶ የማይክራፎኑን ጥቁር ስፖንጅ ሲያይ አረፈደ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ «እዚህ ውስጥ ስንት ሰው ተፍቶበታል! ላጥበው» ብሎ ወሰደው። አጠበው፣ ጥላ ላይ አደረቀው። እጅ ግን ልማዱን አይረሳምና ዘይት ቀባው። በሚቀጥለው እሁድ ሰባኪው ማይኩን ከንፈራቸው ላይ ለጥፈው «ሃሌ ሉያ!» ሲሉ አገጫቸው እንደ መስታወት አብረቀረቀ። ይህን የነገረችኝ አልማዜ ናት፤ ስትነግረኝም ከሳቋ ብዛት ሦስቴ ነው ያቋረጠችው። ደሜ በበኩሉ እስከ ዛሬ «ድምፁ ግን አልጠራም?» ይላል።

ደሜና አልማዜ አንድ ልጅ ብቻ አለቻቸው፤ ስሟ ሳያት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ትሠራለች። ቅዳሜ ሲሆን ቱታዋን ለብሳ የአባቷ ጋራዥ ውስጥ ናት። የደሜ ዓይን መድከም ከጀመረ ወዲህ ፊልትሮ ማጠቡንና ዘይት መቀባቱን ለሷ ትቶላታል፤ ለማንም የማይተወውን ሥራ። አባትና ልጅ ጎን ለጎን በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ እሱ እያወራ እሷ እየጨመቀች ሲውሉ፣ እኔም ከሱቄ ሆኜ አያቸዋለሁ። የሰው ደስታ ያስቀናል ካሉ እኔን ያስቀናኝ ይሄ ነው።

እዚህ መሀል ነው እዮኤል የመጣው። እዮኤል የከብት ክትባት ሠራተኛ ነው። ከአስኮ ወዲያ፣ ከቡራዩም አልፎ፣ ገጠር ለገጠር በሞተር ይዞራል። ሞተሩ ዳገት አልወጣ ሲለው ወደ ደሜ ጋራዥ እየገፋ አመጣው። ደሜ ፊልትሮውን ቢያወጣው ከላዩ የወረደው አቧራ አንድ ድስት ሽሮ ይወጣው ነበር። ስብከቱ ወረደ። እዮኤል አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ ልቡ ግን ስብከቱ ላይ አልነበረም፤ ሳያት ስታጥብ ያይ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊልትሮው ቆሽሾ ተመለሰ። በሚቀጥለውም። ዝናብ ጥሎ አገሩ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ሳምንት እንኳ የእዮኤል ፊልትሮ በአቧራ ታፍኖ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ገባው። አንድ ጧት ልጁ ከሱቄ ጀርባ አቧራ በእፍኙ እየዘገነ ስፖንጁ ላይ ሲያሽ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያልገባው ደሜ ብቻ ነው። «ኢርፋን፣ እንዲህ ያለ ዝርክርክ ወጣት በዕድሜዬ አላየሁም!» ይለኝ ነበር። እኔም «እውነትህን ነው» እያልኩ ሳቄን ለማፈን ፍራሾቼን እደበድባለሁ።

ሁለቱ ልጆች ተዋደዱ፤ ሽማግሌ የመላክ ቀን ደረሰ። የእዮኤል ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጋሽ መገርሳ፣ በዚህ ሥራ ጥርሳቸውን የነቀሉ፣ ዋና ሆኑ። የልጁ አጎት ተጨመረ። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ልጁ ያሰበው፣ ደሜ እምቢ ሊል ቢያስብ እንኳ የሙስሊም ጎረቤቱ ፊት ያፍራል ብሎ ነው። ደሜ ሐፍረት እንደሌለው አያውቅም።

ከመሄዳችን በፊት ሳያት ሱቄ ድረስ መጣችና «ጋሼ ኢርፋን፣ ከእዮኤል ሌላ ሰው አላገባም። አባዬ ሳይመርቀኝ ደግሞ ከቤቱ አልወጣም። ሁለቱም ካልሆነ እንዲሁ እቀራለሁ» አለችኝ። የምትቀልድ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን አልቀለደችም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ገባን። አልማዜ ዶሮ ወጥ ሠርታ ጠረጴዛውን ሞልታዋለች፤ ለእኔ ብላ ለብቻዬ ዓሣ አስጠብሳለች። ጋሽ መገርሳ ግን በወጉ መሠረት መልስ ሳንሰማ አንቀምስም አሉ። ከዚያ ከአብርሃምና ከይስሐቅ ጀምረው፣ ርብቃን ከጉድጓዱ አምጥተው፣ «ልጅዎን ሳያትን ለልጃችን ለእዮኤል እንዲሰጡን ደጅ ጠናን» ሲሉ ዓሣው ቀዝቅዞ ነበር።

ደሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጁ ጨዋ ነው። ሥራ አለው። ጌታን ይወዳል። ግን ፊልትሮው...»

ጋሽ መገርሳ ጆሯቸውን አስጠጉ። «ምኑ አሉኝ?»

«የሞተሩ አየር ማጣሪያ፣ ጋሽ መገርሳ። በየሳምንቱ ጉድ ሆኖ ነው የሚመጣው። የሞተሩን ሳንባ የማይጠብቅ ሰው የሚስቱን ትንፋሽ ይጠብቃል? አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይባላል። እኔ አያያዙን አይቻለሁ።»

እኔ በላብ ታጠብኩ። ልጁ ስፖንጁን የሚያቆሽሸው ልጅህን ሊያይ ነው ብዬ ልናገር? ብናገር ጋብቻውም፣ ጉርብትናውም፣ ዓሣውም ይቀራሉ። ዓይኔን ዓሣው ላይ ተከልኩ።

ጋሽ መገርሳ «ታዲያ ምን ይሁን ይላሉ?» ሲሉት ደሜ ፍርዱን ሰጠ። «ራሱ ይጠበው። ራሱ ዘይት ይቀባው። በሚቀጥለው እሁድ ፊልትሮውን ይዛችሁ ኑ።»

ሳንቀምስ ወጣን። መንገድ ላይ ጋሽ መገርሳ «የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ አምጡ ተብዬ አውቃለሁ፤ የጤና ምርመራ አምጡ ተብዬ አውቃለሁ። ይሄስ የት አገር ወግ ነው?» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አጎትየው ዞር እያለ የዶሮ ወጡን ቤት ያይ ነበር።

ቅዳሜ ማታ እዮኤል ፊልትሮውን በፌስታል ይዞ ሱቄ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። ሳያት «ለእኔ ላክልኝ፤ አጥቤ እመልስልሃለሁ፤ ማንም አያውቅም» ብላዋለች። እኔም ምክሬን አልነፈግሁትም። «አንተ ልጅ፣ አትቀልድ። እጇ የታወቀ ነው፤ ስጣት። ሰውየው የሚፈልገው ንጹህ ስፖንጅ ነው፤ ንጹህ ስፖንጅ ስጠው።» ፌስታሉን አንጠልጥሎ ሄደ። እኔም ትልቅ ምክር የመከርኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

እሁድ ተመልሰን ገባን። ጋሽ መገርሳ ክዳን ያለው የምሳ ዕቃ ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፤ እንደ ቅዱስ ነገር በሁለት እጃቸው ይዘውታል። አልማዜ ዳግም ዶሮ ሠርታ፣ አዲስ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አንጥፋለች። በዚያ ላይ አስቀመጡትና ክዳኑን ከፈቱ።

ያ አላህ!

ስፖንጁ እንደ ልብስ ተጠምዝዞ ታጥቦ አንድ ጎኑ ተንሻፏል። በቤንዚን ነክሮት ስፌቱ ጋ ያለው ማጣበቂያ ለቆ እንደ አፍ ተከፍቷል። በአንድ በኩል ደረቅ ነው፤ በሌላው በኩል ዘይቱ ይንጠባጠባል። ግራሶው ጠርዙ ላይ መሆን ሲገባው መሀሉ ላይ ጉብ ብሏል። በዚያ ላይ የገላ ሳሙና ይሸታል፤ ጽጌረዳ ጽጌረዳ። ደሜ ሲያነሳው አንድ ወፍራም የዘይት ጠብታ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ወረደ። አልማዜ ዓይኗን ጨፈነች። ጋሽ መገርሳ «ልጁ ለፍቷል» አሉ።

ደሜ ፊልትሮውን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደ። ገለበጠው። አሸተተው። በተከፈተው ስፌት ጣቱን አስገብቶ በሌላ በኩል አወጣው። እኔ በልቤ፣ ይሄ ልጅ ምክሬን ቢሰማ ምን ነበረበት እያልኩ ጥርሴን አፋጫለሁ። ያቺ ልጅ ቆማ ቀረች አልኩ። ከልቤ አዘንኩ።

«ሳያት!» ብሎ ተጣራ ደሜ።

ከጓዳ ወጣች። ስፖንጁን ስታይ እጇ አፏ ላይ ሄደ።

«ይሄን ነክተሽዋል?»

«አልነካሁትም፣ አባዬ። ላጥብልህ ብዬው ነበር። አባትሽ ራሱ ይጠበው ብለዋል ብሎ እምቢ አለኝ።»

«አንቺ ለመንሽው፣ እሱ እምቢ አለሽ?»

«አዎ።»

ደሜ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጭኑ ላይ ያለውን ጉድ ያገላብጥ ጀመር። ዘይቱ ሱሪውን እያራሰው ነው፤ እሱ አላየውም።

«ሳምንቱን ሙሉ አልተኛሁም» አለ በመጨረሻ። «የፈራሁት ንጹህ ሆኖ እንዳይመጣ ነው። ንጹህ ሆኖ ቢመጣ የማን እጅ እንደሆነ በጨለማም አውቀው ነበር። ልጄ ከሰው ጋር ሆና አታለለችኝ ማለት ነው። ያን ጊዜ በእውነት ልጅ የለኝም።» ወደ እኔ ዞረ። «ኢርፋን፣ አንተ ራስህ ለሷ ስጣት ሳትለው አትቀርም።»

እኔ ጣራውን አየሁ።

ጋሽ መገርሳ ነገሩ ወዴት እንዳዘነበለ ገብቷቸው ብድግ አሉ። «እንግዲህ እግዚአብሔር ይመስገን! ልጅዎን ሰጡን ማለት ነው?»

«አልሰጥም» አለ ደሜ።

ሳያት ግድግዳውን ተደገፈች። አልማዜ «ደሜ!» ብላ ጮኸች።

«አልሰጥም! እንዲህ ያለ እጅ ላለው ሰው ልጄን ሰጥቼ የት ይዟት ሊገባ ነው? ቤቱንም እንደዚህ ሊጠመዝዘው ነው?» ድምፁ ከፍ ብሎ ጀመረና መሀል ላይ ተሰበረ። «ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፣ ጋሽ መገርሳ። ቅዳሜ እሷ ከጎኔ ከሌለች ለማን ነው የማወራው? እናንተ ልጃችሁን ስጡኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሷ ጋር ይምጣ፣ ሦስተኛ በርጩማ አለ። እኔ አስተምረዋለሁ። እጁ የማይረባ ነው፤ ልቡ ግን ንጹህ ነው፤ እጅ ይማራል።»

ጋሽ መገርሳ በሽምግልና ዘመናቸው እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሟቸው አያውቅም። ወደ አጎትየው ዞሩ፤ አጎትየው ወደ ዶሮው አየና ቶሎ ቶሎ ራሱን ነቀነቀ። ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ እንባዬን እየጠረግሁ ስለነበር እንደ እሺታ ቆጠሩት። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ሴት ልጅ ሊጠይቁ የመጡት ሰውዬ፣ በደሜ ፊት ቆመው ወንድ ልጅ መርቀው ሰጡት።