ከእንግዳ የደበቅኳቸው ልጆች

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። በየጊዜው ከፊታቸው ተንበርክኬ፣ አባቴ፣ ረቡዕ ቀን ረስቼ ወጥ ቀምሻለሁ፣ ጎረቤቴን አምቻለሁ፣ ቅዳሴ ከተጀመረ በኋላ ደርሻለሁ እያልኩ ጥቃቅኑን ስለቅም፣ ትልቁን ምላሴ ሥር ይዤው ተመልሻለሁ። እሳቸውም ስግደት ይሰጡኛል። እኔም አንድ ሳላጎድል እሰግዳለሁ። ጉልበቴ ላይ ጠባሳ አለ። ለማን ነበር ያ ሁሉ ስግደት? ለወጡ?

ያደረግኩት ይህ ነው። የራሴን ተማሪ፣ ዓይኗን እያየሁ፣ አላውቃትም ብያለሁ። ከእሷ ኋላ የነበሩትን ልጆች ሁሉ የሉም ብያለሁ። የሉም ስላልኩም የእነሱ የነበረው ሌላ ቦታ ሄደ።

ትውልዴ ደጀን አካባቢ ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ፣ አማን ከተማ የሚነግድ አጎቴ «ወደዚህ ነይ፣ መምህር ይፈልጋሉ» ስላለኝ መጣሁ። የተመደብኩት ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የቡና መንደር ነበር። የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የሁሉም ነው ማለት ነው። እንዲህ ነበር የሚባለው።

ሁለት ዓይነት ልጆች ነበሩን። የባለሱቁ፣ የቢሮው ሠራተኛና የእርሻው ኃላፊዎች ልጆች በፊተኛው ሕንፃ ይማራሉ፤ መስኮት አለው፣ ዴስክ አለው። የቡና ለቃሚዎቹ ልጆች ግን በጀርባ፣ እርሻው በማይጠቀምበት የቡና መጋዘን ውስጥ ይማራሉ። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው፤ የሚቀመጡት በግንድ ላይ ነው። የወላጅ ኮሚቴው ሲጠየቅ መልስ ነበረው። ዴስኩን በመዋጮ ያሠራነው እኛ ነን፤ የእነሱ ልጆች እግር ሙጀሌ አለበት፤ ለልጆቻችን ይተርፋል። ሙጀሌ! እግር ውስጥ የሚገባ ቁንጫ ነው፤ በመርፌ ይወጣል። ከሰው ልብ የሚወጣበት መርፌ ግን አላየሁም። መንግሥት ለትምህርት ቤቱ የሚልከው ድጎማ የሚመጣው እነዚያ ባለሙጀሌ ልጆች ከሌሎቹ ጋር ተቆጥረው ነበር። ሲመጣ የፊተኛው ሕንፃ ቀለም ሆነ። የፊተኛው ሕንፃ በር ሆነ። ሲቆጠሩ ተማሪ ነበሩ፤ ሲከፋፈል የለቃሚ ልጆች ሆኑ።

እኔ የመጋዘኑ መምህርት ነበርኩ። ተቃወምኩ? አልተቃወምኩም። ጨዋ ነኝ። የተሰጠኝን ተቀብዬ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ገባሁ።

ከልጆቹ አንዷ ዘነበች ነበረች። ሁለተኛ ክፍል። እናቷ እርሻው ውስጥ ትለቅማለች። ቤታቸው የሚነገረው ቤንችኛ ነው፤ አማርኛን ከእኔ አፍ ነው የተማረችው። ስለዚህ አማርኛዋ ቁርጥ የእኔ ነበር፤ ስትቆጣ እንኳ እንደ እኔ ነው የምትቆጣው። መምህራኑ «ቲቸር፣ ይቺን ከደጀን በሻንጣ ነው ያመጣሻት?» እያሉ ይስቁብን ነበር። እሷም ትስቃለች። ልጆቹ ይወዱኝ ነበር ብዬ ብጽፍ ራሴን ማሳመር ይሆንብኛል። እውነቱ ግን ይወዱኝ ነበር። ጥፋቱንም የሚያከብደው እሱ ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ርዕሰ መምህሩ ጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ላድነው ብዬ አይደለም፤ እንዲህ ላለው ነገር ክፉ ሰው እንደማያስፈልግ እንድታውቁ ነው።

«እህት ዓለም፣ ነገ ከዞን ሰዎች ጋር የአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። ሊገመግሙን ነው። መጋዘኑን ካዩ አለቀልን። ልጆችሽን አትምጡ በያቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ስብሰባ አለ በያቸው፤ ምን ይጠፋል? ደግሞ የአንቺን የዝውውር ነገር አልረሳሁትም። ሚዛን አንድ ቦታ ይለቀቃል ይባላል።»

ዝውውሩ ነው ያሳተኝ ብል ሙሉው እውነት አይሆንም። ዝውውሩን ፈልጌ ነበር፤ ጭቃው ሰልችቶኝ ነበር። ግን እሱ ባይጨመርም እሺ እል ነበር። ምክንያቱም አፍሬ ነበር። በመጋዘኑ አይደለም ያፈርኩት፤ በልጆቹ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው እኔን፣ ነጠላዋ የማይቆሽሽ እኔን፣ ከዚያ ጨለማ ውስጥ፣ በእነዚያ እግሮች መካከል ቆሜ እንዲያየኝ አልፈለግኩም። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳል፤ የሚያሳፍር ነገር ጓዳ ይገባል። እናቴ ያስተማረችኝ ይህን ነው። እኔ ግን ጓዳ የከተትኩት ልጆች ነበሩ።

ሄድኩና «ነገ ትምህርት የለም» አልኳቸው። በደስታ ጮኹ። በሩን በቁልፍ ዘጋሁት፤ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

በማግስቱ አርብ ነው። ከፊተኛው ሕንፃ፣ የእኔ ያልሆነ ክፍል ውስጥ፣ የእኔ ካልሆኑ ልጆች ፊት እንግዶቹን ተቀበልኩ። ከመካከላቸው ዋናዋ ጎልማሳ ሴት ነበረች፤ ጫማዋ በጭቃ ተበላሽቷል፣ ግድ የላትም። ዴስኩን ነካ ነካ አደረገች። ልጆቹን ስማቸውን ጠየቀች። ሁሉም አማረ።

ያን ጊዜ ዘነበች በሩ ላይ ቆመች።

በእጇ የቅጠል መጥረጊያ ይዛለች። የሳምንቱ ተረኛ እሷ ነበረች፤ አርብ አርብ ተረኛ መጋዘኑን ይጠርጋል። ትምህርት ኖረም አልኖረም፣ ዝናብ ዘነበም አልዘነበም ተረኛ አይቀርም ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በሩን ተዘግቶ ስታገኘው እኔን ፍለጋ መጣች።

«ቲቸር፣ ቁልፉን ስጪኝ። ልጠርግ ነው።»

ሴትየዋ ዘወር አለች። ጎንበስ ብላ «ተማሪ ነሽ?» አለቻት። ዘነበች አዎ አለች። «የማን ተማሪ?» ስትላት በመጥረጊያው እኔን አሳየቻት። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች፤ «የእርስዎ ናት?»

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጣቴ ነክቶታል።

«አይደለችም» አልኩ። «የቡና ለቃሚዎች ልጅ ናት። ለመጫወት ነው የምትመጣው።»

«አነጋገሯ ግን የእርስዎን ይመስላል» አለችና ሳቀች ሴትየዋ። ክፋት አስባ አይደለም፤ ጨዋታ ነበር። በሰሙነ ሕማማት የጴጥሮስ ንባብ ሲደርስ፣ አነጋገርህ ያስታውቅብሃል ሲሉት ስሰማ፣ በየዓመቱ ነጠላዬን ፊቴ ላይ እስባለሁ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ለጌታ የማለቅስ ይመስላቸዋል። እሱ እንኳ ጌታውን የካደው ፈርቶ ነው፤ ሊገድሉት ይችሉ ነበር። እኔን ማን ሊገድለኝ ነበር? ባለጭቃ ጫማዋ ሴትዮ?

ዘነበች አልሄደችም። ቆማ አየችኝ፤ ስህተቱን እንዳርመው እየጠበቀች ነበር። መምህር ሲሳሳት ያርማል፤ ይህንንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እኔ ግን ድምፄን አውጥቼ «ሂጂ! ወደ እናትሽ ሂጂ!» አልኳት። በዚያው እሷ በተማረችው አማርኛ።

ሄደች።

አሁን የምጽፈው ከዚያም ይብሳል፤ አንዴ አፍ ያመልጣል፣ ይህኛው ግን አላመለጠኝም። እንግዶቹን መምህራን ክፍል አስቀምጠን ሻይ በወተት አቀረብን። እኔ አልቀመስኩም፤ አርብ ነዋ! ስኒውን በትሕትና ገፋ አድርጌ «ጾም ነኝ» አልኩ። ሴትየዋ አደነቀችኝ። ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ እንዲህ አለችው፤ «ደስ ይላል፣ እናንተስ ተመችቷችኋል። እኛ የምንዞረው ክፍል የጠበባቸውን ፍለጋ ነው። ሁለት ክፍል የሚሠራ ገንዘብ አለን፤ በዚህ መስመር ለአንድ ትምህርት ቤት እንሰጣለን። የለቃሚ ልጆች ቦታ የላቸውም የሚል ወሬ ሰምተን ነበር የመጣነው።»

ርዕሰ መምህሩ አየኝ። እኔም አየሁት። ለካ ሊፈርዱብን አልነበረም የመጡት፤ ሊሰጡን ነው። የፈለጉት ዘግተን ያስቀመጥነውን ነበር። መጋዘኑ ከተቀመጥንበት ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። «ኑ ላሳያችሁ» ማለት ብቻ ነበር የሚቀረኝ። ውሸታም እባላለሁ፤ እባል! ፊቴ ይቀላል፤ ይቅላ! ሁለት ክፍል፣ መስኮት ያለው፣ በአንድ ሴት የፊት መቅላት ይገዛ ነበር።

ሴትየዋ መልሳ ጠየቀችን፤ «እውነት ሁሉም ልጅ ክፍል አለው?»

እሱ ስኒውን አነሳ። የመለስኩት እኔ ነኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም አላቸው» አልኩ። የእግዚአብሔርን ስም ጨምሬ!

ሁለቱ ክፍሎች ከመንገዱ ማዶ ለሚገኝ ለሌላ ትምህርት ቤት ተሠሩ። እሰየው፤ እነዚያም ልጆች ናቸው። ወደ ቴፒ በሚኒባስ ባለፍኩ ቁጥር ቆርቆሮው ያበራል፤ እኔ ወደ ሌላው መስኮት እዞራለሁ።

ሰኞ ዘነበች መጣች። ይህን አልጠበቅኩም። ስም ስጠራ ግን አልመለሰችም። ደግሜ ጠራኋት። ተነስታ በትሕትና፣ አንድ ያልገባትን ነገር እንደምትጠይቅ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ተማሪሽ አይደለሁም አልሽ እኮ። ልውጣ ወይስ ልቀመጥ?» አለችኝ።

ያኔ እንኳ ይቅርታ አልጠየቅኳትም። «አርብ ትምህርት የለም ብዬሽ ለምን መጣሽ? ማን ነይ አለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ተቀመጪም አላልኳት፤ ውጪም አላልኳት። ቆማ ዋለች። የበደልኩት ሰው ላይ ተቆጣሁ። እናንተ የበደላችሁትን ሰው ጠልታችሁ አታውቁም?

የለቀማው ወራት ሲደርስ እርሻው መጋዘኑን ለቡናው ፈለገው። ክፍል የለም። ጥቂት ሳምንት ዛፍ ሥር አስተማርኩ፤ ዝናቡ አሸነፈን። ልጆቹ አንድ በአንድ ከእናቶቻቸው ኋላ ቡናው ውስጥ ገቡ። ዘነበችም ገባች። እኔ ሚዛን ገባሁ። ዝውውሬ ተፈቅዶ ነበር።

«ልጅ ነበርሽ፣ ታዘሽ ነው» አትበሉኝ። ያን ለራሴ ብዙ ዓመት ብዬዋለሁ። ያዘዘኝ እንዳይመጡ አድርጊ አለኝ እንጂ፣ «ሁሉም አላቸው» በይ አላለኝም። «ሥርዓቱ ነው» የምትሉትም ተዉኝ። ያን ቀን ሥርዓቱ ነጠላ ለብሶ ነበር፤ ሥርዓቱ ጾመኛ ነበር። እናንተስ የምታነቡ መምህራን፣ ኮሚቴዎች፣ ዴስክ አሠራን ባዮች፣ ከሕንፃችሁ ጀርባ ምን አለ? ሂዱና ክፈቱት። ወይስ ቁልፉ የት እንዳለ አታውቁም?

ባለፈው ቅዳሜ ሚዛን ገበያ ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት በሁለት እጇ እጄን ያዘች። «ቲቸር! ደህና ነሽ? አልጠፋሁብሽም?» አለችኝ በእኔ አማርኛ። ዘነበች ናት። አልጠፋችብኝም። ቀሚሷን ይዞ የቆመ ልጅ አላት፤ ጥርሱ መውለቅ ጀምሯል።

«ትምህርት ጀመረ?» አልኳት። ሌላ የምለው አጣሁና ነው።

«ወስጄው ነበር፤ ክፍል ሞልቷል አሉኝ። እዚያው እኛ መንደር። የለቃሚዎቹ ልጆች ለከርሞ ይምጡ አሉ። አምናም እንዲሁ ነበር ያሉት።» ከዚያ ሳቀች፤ «አንቺ ብትኖሪ ታስገቢልኝ ነበር።»

አንቺ ብትኖሪ።

ንገሪያት፣ አሁን ንገሪያት አልኩ በልቤ። አፌ ተከፈተ። «ሙዝ ይወዳል?» አልኩ። ሙዝ ገዝቼ ለልጁ ሰጠሁት። ዘነበች «እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ። ተቀብዬ ሄድኩ።

ይቅር በሉኝ ብዬ አልጨርስም። የካድኩት እናንተን አይደለም፤ እናንተ ይቅር ብትሉኝ ለእሷ ልጅ ክፍል አይሆነውም። የት እንደምትኖር ነግራኛለች። ዛሬ ሥራ የለኝም። ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጬ ይህን እየጻፍኩ ነው፤ ስለ እሷ ለእናንተ መንገር ለእሷ ከመንገር ቀለለኝ። ባጃጁ እስከ መገንጠያው ያደርሳል፤ ከዚያ በእግር ነው። አሁንም አልተነሳሁም።